ለማረፍ ሰበብ መፈለግ ይብቃን

በየመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ «ምክንያት» የምትል መስመር አለች። ብዙ ሠራተኛ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። ሠርግ ካለ ይጻፋል። ለቅሶ፣ የታመመ ማስታመም፣ የቤት ግንባታ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ሁሉም ይጻፋል፤ አለቃም አይቶ ይፈርማል። «አእምሮዬ ስለዛለ ላርፍ» ብሎ የሚጽፍ ግን አላየሁም። የሚደፍር ቢገኝ እንኳ «ምን ሆነሃል? ሰላም አይደለህም እንዴ?» ተብሎ ይጠራል፤ ካልሆነም «ሁላችንም ደክሞናል» ተብሎ ቅጹ ይመለስለታል።

ከዚህ ልማድ ጀርባ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ አለ። ፈቃድ የሚወሰደው ጉዳይ ሲኖር ነው፤ እጅ እግሩ ደህና የሆነ ሰው ደከመኝ ካለ ሰንፏል፤ የአእምሮ ድካም ሥራ ሲያዝ የሚረሳ የሐሳብ ብዛት ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ወላጆቻችን፣ አለቆቻችን፣ አንዳንዴም ሐኪሞቻችን ናቸው። እኔ ግን ይህ አስተሳሰብ ሰው እየሰበረ ነው እላለሁ። አእምሮው የዛለ ሰው ሳይወድቅ፣ ሳይታመም፣ የሌለ ለቅሶ ሳይፈጥር ሥራውን አቁሞ ማረፍ አለበት። የሚያርፍበት ምክንያት ድካሙ ራሱ ነው፤ ሌላ አያስፈልገውም።

በቅርብ የማውቃት አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አለች። በአንድ የግል ድርጅት ለዓመታት ሠርታለች፤ አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችን ሥራ የምታስለምደውም እሷ ነበረች። ለጀማሪዎች አስቀድማ ከምታሳያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ የሆነ ቦታ ላይ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። አንድ ሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ የ18,000 ብር ልዩነት መጣባት። ሁለት ቀን ሙሉ ሰነድ ስታገላብጥ ዋለች። አንዱን የክፍያ ማዘዣ ታነባለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ተመልሳ ያንኑ ታነባለች። ዓይኗ ያያል፤ ያየችው ግን አይያዝላትም። በመጨረሻ ያገኘው ራሷ ያሠለጠነችው ልጅ ነው። 68,400 መባል የነበረበት 86,400 ተብሎ ገብቷል፤ ያስገባችውም እሷው ናት። 18,000ን ለ9 ማካፈል ትዝ አላላትም።

ስንት ጊዜ ያስተማረችው ነገር እንዴት ይጠፋታል? እውቀቷ አልጠፋም። እውቀቷ ላይ የሚደርስ አእምሮ ነው ያጣችው። ይህ በስንፍና የሚመጣ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ሰነፍ ሰው እዚህ ደረጃ አይደርስም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ዓይነቱ መዛል ሲጽፍ መነሻው በኒውዮርክ በአንድ ነጻ ክሊኒክ ውስጥ ያየው ነገር ነበር። ቀድመው የዛሉት ለሥራው ከልባቸው የተሰጡት፣ ሰዓት ሳይቆጥሩ የሚያገለግሉት ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲመዘግብ ሦስት መልክ ሰጥቶታል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መማረር፣ ሥራን በሚገባ መወጣት አለመቻል። በሽታ ነው አላለም። በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ጫና ውጤት ነው ብሏል። ስለዚህ «ታመሃል ወይስ ሰንፈሃል?» ብለን የምንጠይቀው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። በሁለቱ መካከል ሌላ ሁኔታ አለ፤ ብዙ ሠራተኛ ደግሞ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው።

ወደ ሒሳብ ባለሙያዋ ልመለስ። በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት ፈቃድ ተጠራቅሞላት ነበር። በጠየቀች ቁጥር መልሱ «በጀት ይዘጋና» ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የግብር ማሳወቂያው ይከተላል፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ሒሳቡን ይዞ እስከ ጥቅምት 30 መቅረብ አለበት። በመሐሉ የውጭ ኦዲተር ይገባል። ከዚያ የግማሽ ዓመት ሪፖርት ይደርሳል። «ሥራው ቀለል ሲል» የሚባለው ወር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ቢፈለግ አይገኝም። በመጨረሻ ራሷን ሲያዞራት ክሊኒክ ሄደች። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም ብላ ተናገረች፤ ደም ሰጠች፤ ታይፎይድ ነው ተባለች። ይህ በአገራችን የተለመደ ነው። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ለብቻው አስተማማኝ እንዳልሆነ ሐኪሞች ደጋግመው ቢናገሩም በየክሊኒኩ የደከመው ሁሉ ታይፎይድ ወይም ጨጓራ ተብሎ ይመለሳል። ወረቀቱን ስታመጣ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ፈቃዱ በዚያው ቀን ተፈረመ። ባልደረቦቿ ብርቱካን ይዘው ጠየቋት። ከወራት በፊት «ደክሞኛል» ስትል ያልሰሟት ሰዎች «ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪን» አሏት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራውን ለቀቀች፤ ድርጅቱም እሷን የሚተካ ሰው ለማግኘት ብዙ ተቸገረ።

በወቅቱ ሁለት ሳምንት ብታርፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው የአገራችን አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው ይህን መብቱን ቢተው እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። በአዋጁ ከተጠቀሰው ሁኔታ ውጭ ዕረፍቱን በገንዘብ ለውጦ መክፈልም ክልክል ነው። ሕግ አውጪው እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም የያዘው ሊታሰብበት ይገባል። ሰው ደመወዙን ለፈለገው ነገር ሊያውለው ይችላል፤ ዕረፍቱን ግን እንዳይሸጠውም እንዳይተወውም ተከልክሏል። ያለ ዕረፍት የሚሠራ ሰው እንደማይዘልቅ ሕጉ ያውቃል ማለት ነው። አዋጁ ለዓመት ዕረፍት ምክንያት አይጠይቅም። ሠርግ ወይም ለቅሶ ብሎም አልገደበውም፤ ለሠርግና ለቅርብ ዘመድ ሞት ለብቻው ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። «ምክንያት» የምትለዋን መስመር የጨመርናት እኛ ነን።

አሁን ወደ ተቃራኒው ወገን ክርክሮች ልግባ።

«አባቶቻችን መቼ አረፉ? ከንጋት እስከ ምሽት እየለፉ ነው ያሳደጉን» ይባላል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ አባቶቻችንን አያውቃቸውምና። የደጋው ክርስቲያን ገበሬ እሑድ አያርስም። ቅዳሜንም የሚያከብረው ብዙ ነው። በወር በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ እያለ ሞፈሩን ያስቀምጣል፤ በዚህ ላይ የአጥቢያው ታቦት አለ። በእነዚህ ቀናት ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት ነውር ነው። በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያመጣብናል ተብሎ በመንደሩ ይወቀሳል። በሬውም ያርፋል፤ ኦሪት ሰንበትን ያዘዘችው ለበሬና ለአህያ ጭምር ነው። ገበሬው ከቅዳሴ መልስ ሰንበቴው ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ቆርሶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጫውቶ ይውላል። «ለምን አረፍክ?» የሚለው የለም። እንዲያውም የሚጠየቀው ለምን ሠራህ ተብሎ ነው።

ይህ ዕረፍት በዋዛ የተገኘም አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ስለጸኑ ከአገራቸው ወጥተው በአርመን ምድር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለረጅም ዘመን ተገፍተው ኖሩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1450፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ክርክሩ የሃይማኖት እንጂ የሠራተኛ መብት አልነበረም፤ ይህን አላምታታም። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን ሞፈር የማይነሳበትን ሥርዓት መከራ ተቀብለው ያቆሙ ሰዎች ልጆች ሆነን «አባቶቻችን አያርፉም ነበር» ማለት ታሪካችንን አለማወቅ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በዓላት በዝተው ገበሬውን አደኸዩት የሚል የቆየ ወቀሳ አለ። አባቶቻችን አርፈው አያውቁም የሚለውና ዕረፍት አብዝተዋል የሚለው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የሚገርመው፣ ሁለቱንም በተለያየ ቀን የሚናገረው አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የእኛ ባህል ሰውን ከሥራ አውጥቶ ማሳረፍን በደንብ ያውቃል። የወለደች ሴት አራስ ናት። ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ እስከ ክርስትናው ድረስ ገንፎና አጥሚት እየተሠራላት፣ ጎረቤት እየገባ እየወጣ ትታረሳለች። ሐዘንተኛም እንዲሁ ነው። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቶቹ ወጥ ይሠራሉ፣ ሐዘንተኛው ከመቀመጥ በቀር ምንም አይጠበቅበትም። ለእነዚህ ሰዎች የሐኪም ወረቀት አምጡ የሚላቸው የለም። አቅም ያለቀበት ሰው መደገፍ እንዳለበት ሳይነገረን እናውቃለን። ይህን ርኅራኄ በቢሮ ወንበር ላይ ለሚሟጠጠው ሰው የነፈግነው ስለማናየው ይመስለኛል። አራስን እናያታለን፣ ሐዘንተኛን በልብሱ እንለየዋለን፤ አእምሮው የዛለው ግን ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ክርክር ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚለው ተረት ነው። ቁጭ ያለ ሰው ሐሳብ ይበላዋል፤ ሥራ መድኃኒት ነው ይላሉ። ለሥራ ፈት ሰው እውነት ነው። ወራት ሥራ ያጣ ወጣት ምን ያህል እንደሚጎዳ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ግን ተረቱ የተነገረው ሥራ ለፈታ መነኩሴ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆሞ ላደረው አይደለም። ለሁለቱ አንድ መድኃኒት ማዘዝ ለተራበውና ቁንጣን ለያዘው እኩል እንጀራ ማቅረብ ነው። ሥራ የሚጠቅመው ሥራ ያጣውን ነው፤ ሥራ የገደለውን በሥራ አናድነውም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን ዕድል በ17 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ በዚህ ምክንያት 745,000 ያህል ሰው እንደሞተም ገምተዋል። ይህን ያነበበ ሰው ድካምን ሥራ ያስረሳዋል ማለት የለበትም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደኝ ክርክር የድህነት ነው። «የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኝ ሰው የት አባቱ ያርፋል? ዕረፍት የሀብታም ነው» ይሉናል። ጉልት የምትቸረችር እናት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ አንድ ቀን ቢቀሩ ያን ቀን አይበሉም። እውነት ነው፤ ልክደው አልችልም። ነገር ግን ይህ እውነት የሚያረጋግጠው ዕረፍት አላስፈላጊ መሆኑን ሳይሆን እነዚህ ሰዎች መበደላቸውን ነው። ውሃ ያላገኘ ሰው አለና ውሃ ቅንጦት ነው አንልም። ደግሞም ይህን ክርክር የሚያነሳው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ የጉልት ነጋዴዋ አይደለችም። 16 ቀን በሕግ የተሰጠውን ሠራተኛ ለማሳፈር በእሷ ስም የሚናገር አለቃ ነው።

ዕረፍት ማጣት ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችንን ይጠይቅ። የኩዌት የእ.ኤ.አ. 2015 ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዓመት ደግሞ 30 ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል። የኳታር የእ.ኤ.አ. 2017 ሕግም በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር ግን ወራት ሙሉ አንድ ቀን ከበር ሳይወጡ፣ ሌሊት ለእንግዳ እየተቀሰቀሱ የሠሩ ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል አእምሯቸው ተጎድቶ ወደ አገራቸው የገቡትን ስናይ እናለቅሳለን፤ የሄዱበትን ቤት እንረግማለን። በዚያው ሳምንት ግን የራሳችንን ቤት የቤት ሠራተኛ «እሑድ የት ልትሄጂ ነው?» እንላታለን። እንዲህ ሆነን የዓረብ አሠሪን መውቀስ አንችልም።

ዕረፍት ስል ምን ማለቴ እንዳልሆነም ልግለጽ። በዓል ዕረፍት አይደለም፤ ቢያንስ ለሴቶች አይደለም። የፋሲካ ዋዜማ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዶሮ ስትገነጥል፣ ጠላ ስታጠል ያደረች ሴት በማግሥቱ «አረፍሽ አይደል?» ትባላለች። የዓመት ፈቃድ ስትወስድም «ቤት ነሽ እንዴ? እንግዲያውስ ልጆቹን አንቺ አምጪያቸው፣ ውሃ ስትመጣም በርሜሉን ሙይ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ባሎችና ወንድሞች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። የደከመች ሴት ዕረፍት ስትወስድ የቤቱን ሥራ የሚይዝ ሰው ካልተገኘ የቀየረችው የሥራ ቦታ ብቻ ነው።

ስልክም እንዲሁ ነው። በፈቃድ ላይ ያለ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ሳይወጣ፣ «አንዴ ብቻ፣ የዚያ ፋይል ፓስዎርድ ስንት ነበር?» እየተባለ ከዋለ ቀኑ ከዕረፍቱ ተቀነሰ እንጂ አላረፈም። አዋጁ በዕረፍት ላይ ያለን ሠራተኛ መጥራት የፈቀደው አስቀድሞ ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥም ብቻ ነው። የተረሳ ፓስዎርድ እንዲህ ያለ ሁኔታ አይባልም።

ላንጋኖ ወይም ሀዋሳ መሄድ ግዴታ ነው የሚል እምነትም ይቅር። ገንዘብ ያለው ይሂድ። የሌለው እስኪበቃው ይተኛ፣ በእግሩ ይንቀሳቀስ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሄዶ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ከእናቱ ጋር ቡና ይጠጣ። ፈቃድን ለሦስት ዓመት አጠራቅሞ ባንዴ መውሰድም ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከዕረፍት የተገኘ ብርታት ወደ ሥራ በተመለስን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየሳሳ እንደሚሄድ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ቢቻል ከፍሎ መውሰድ ይሻላል፤ ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ በአዋጁ ተፈቅዷል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ዕረፍት ሁሉን አይፈውስም። አርፎም እንቅልፍ የማይመጣለት፣ የሚወደው ነገር ሁሉ የመረረው፣ ሞት ሞት የሚለው ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። እዚህ ላይም የምንፈራው ስም አለ። «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታል ስም ለስድብ በሚውልበት ከተማ ብዙ ሰው ከሕክምናው ይልቅ ሕመሙን ይመርጣል። ይህ ነውር የሚጀምረው ከትንሹ ነው። አእምሮዬ ደከመኝ ማለት ያላሳፈረው ሰው አእምሮዬን አመመኝ ለማለትም አይቸገርም። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ሲለምን አሳፍረን የመለስነውን ሰው፣ ሲብስበት ለምን አልተናገርክም ማለት አንችልም።

አለቆች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ የሰው ኃይል ኃላፊዎች፦ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ቅጹ ላይ ያለችውን «ምክንያት» የምትል መስመር ሰርዟት። ሠራተኛ ፈቃድ ሲጠይቅ ስንት ቀን እንደቀረው ተመልከቱ፣ ሥራውን ማን እንደሚይዝለት ተነጋገሩ፣ ፈርሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው እስኪለምናችሁ አትጠብቁ። አሠሪ የሠራተኞቹን የዓመት ዕረፍት በሚወጣ ፕሮግራም መሠረት፣ በዚያው ዓመት ውስጥ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ያ ፕሮግራም በየመሥሪያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ሊለጠፍ ይገባል። ይህን ማድረግ ለሠራተኛው የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ሕጋዊ ግዴታችሁ ነው።